የደንገል ሚካኤል መስቀል

ሳጅን አንዳርጌ ከውስጠኛው ቅጽር ወጣና በሩ ላይ ለቆመችው ለኢንስፔክተር ሙናዬ ያየውን ነገራት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አልተሰበረም። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ መስኮት የለውም። ሳጥኑ ባዶ ነው።

«የመስቀሉ መጠቅለያስ?»

«እሱም የለም። ቀይ ከፋይ ነበር አሉ።»

«ሳጥኑን ነክተኸዋል?»

«ኧረ እኔ! የከፈቱልኝ መነኩሴው ናቸው። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አጎንብሼ አየሁ።»

ሙናዬ ፈገግ አለች። ወንጀል የተፈጸመበትን ቦታ እንዳይነካካ ስንት ጊዜ ነግራዋለች። ዛሬ ግን የታዘዘው እሷን አልነበረም።

እሷ ራሷ መግባት አትችልም። በደንገል ሚካኤል ሴት የውጪውን ቅጽር አልፋ በውስጠኛው በር ላይ ትሳለማለች እንጂ ወደ ውስጥ አትዘልቅም። በነገሥታቱ ዘመን እቴጌዎች ሳይቀሩ ከዚሁ በር ተመልሰዋል ይባላል። አበምኔቱ አባ ኃይለ ሚካኤል ይህን በትሕትና ነግረዋት፣ ከወረታ ወንድ መርማሪ ቢላክ እንደሚሻል አክለው ነበር።

«ሌባው ውስጥ የለም አባቴ» አለቻቸው። «መስቀሉን ይዞ በዚህ በር ወጥቷል። እኔም በሩ ላይ ነኝ።»

አበምኔቱ ትንሽ አሰቡና «እሱስ ልክ ነሽ» አሉ።

ኅዳር አሥራ ሦስት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነበር፤ የኅዳር ሚካኤል ማግስት። ከጉብታው ላይ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ግማሹ የታጨደ ሩዝ፣ ግማሹ የነሐሴው ጎርፍ የተወው ጥቁር ጭቃ ነው። የጉማራ ወንዝ ጉብታውን በሦስት በኩል ይዞረዋል። በአራተኛው በኩል ደንገል የበቀለበት ረግረግ አለ፤ ከብት እንኳ አይደፍረውም። መግቢያውም መውጫውም አንድ መልካ ነው። ውሃው በዚህ ወቅት ጭን ይደርሳል።

ዕቃ ጠባቂውን አባ ገብረ ሐናን በሩ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ጠየቀቻቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የጠራ ሰው ናቸው።

«ትናንት ቅዳሴ ወጣ። ከወረታ የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ መምህራን። የመጾሩን መስቀል እናሳያቸው ተባለና አውጥቼ ዛፉ ሥር በርጩማ ላይ አኖርሁት። ወንዶቹ አዩ። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤት መልሼ በከፋዩ ጠቀለልሁና ሳጥን ውስጥ አስገባሁት።»

«ቆለፉት?»

«ያን ጊዜ አልቆለፍሁም። ሴቶቹ እንግዶች በሩ ላይ ሆነው ይባርኩን ብለው ላኩብኝ። ከሩቅ መጥተው አላየንም ብለው እንዳያዝኑ ብዬ የዕቃ ቤቱን መዝጊያ ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ባረክኋቸው። አንዷ ልጇ ታማባት ስለ ነበር ጸሎት አደረስሁላት። ተመልሼ ሳጥኑን ሳላይ በሩን ቆለፍሁ። ለሠርክ ጸሎት ስከፍት ባዶ ነው።»

«ሳያዩ መቆለፍዎን ለማኅበሩ ተናግረዋል?»

«ያደረግሁትን ነው የምናገር።»

አበምኔቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢንስፔክተር፣ ሥርዓታችንን ልንገርሽ። ዕቃ የጠፋበት ዕቃ ጠባቂ ከማኅበሩ ይወጣል። ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው። ማኅበሩ እስከ ኅዳር ጽዮን ይጠበቅ ብሏል።»

አባ ገብረ ሐና ቀና አላሉም። አንዳርጌ በኋላ እንደነገራት፣ ሽማግሌው ወደ ገዳሙ የገቡት ለዳዊት ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት አያውቁም። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ የመቃብራቸውን ጉድጓድ በገዛ እጃቸው ቆፍረው በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድነውታል።

«ቢወጡ የት ይሄዳሉ?» ሲል ጠየቀ አንዳርጌ።

ሙናዬ ቁልቁል ወደ መልካው አየች።

ስርቆቱ ከታወቀበት ሰዓት ጀምሮ የቀበሌው ሚሊሻዎች መልካው ላይ ቆመው የሚሻገረውን ሁሉ ይፈትሹ ነበር። እንግዶቹ ግን ከዚያ በፊት ተሻግረው ሄደዋል። ስለዚህ ምርመራው ከእነሱ ጀመረ።

እንግዶቹን በአይሱዙ ያመጣቸው ፈድሉ ነው። መንገደኞቹን ወረታ መገንጠያው ላይ አራግፎ፣ ሳያድር ወደ ሐሙሲት መመለሱን አንዱ መምህር በጥርጣሬ ተናግሯል። ሙናዬ ሐሙሲት ላይ ሽንኩርት ሲያስጭን አገኘችው።

«ምን አስቸኮለህ?»

«ሽንኩርት ነዋ! ሽንኩርት ሰው ይጠብቃል እንዴ? ይበቅልብኛል።»

«መስቀል መጥፋቱን ሰምተሃል?»

«ያልሰማ አለ?» ፈድሉ እጁን ወደ መኪናው ዘረጋ። «ሁሉንም ጆንያ ያስፈቱ። ግን ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ያን መስቀል ቤቴ ይዤ ብገባ እናቴ ምን የምትለኝ ይመስልዎታል? ከእርስዎ በፊት እሷ ናት የምታስረኝ።»

ጫኞቹ ሳቁ። ጆንያው ተፈታ፤ ሽንኩርት ነው። ፈድሉ ወንዙን ጨርሶ አልተሻገረም። ባሌስትራ ተሰብሮበት እንግዶቹ እስኪመለሱ ድረስ መኪናው ሥር ተኝቶ ሲጠግን ነበር። መልካው ላይ ልብስ ሲያጥቡ የዋሉ ሴቶች፣ ሲሳደብ የሰሙትን አንድ በአንድ ለአንዳርጌ ደገሙለት።

«የሴቶቹን ቃል ልጻፈው?» አለ አንዳርጌ።

«ስድቡን ተወው» አለች ሙናዬ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ እሱባለው ነበር፤ ጉብኝቱን ያዘጋጀው የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ የሚወድ፣ ፈጣን ተናጋሪ። መስቀሉ በሚሌኒየሙ ዋዜማ አዲስ አበባ በሚዘጋጅ ኤግዚቢሽን ላይ እንዲቀርብ ገዳሙን ሲለምን ወራት አልፎታል። አንድ የሥራ ባልደረባው «ካልሰጡን በሌላ መንገድ እናገኘዋለን» ሲል ሰምቶታል።

«በሌላ መንገድ ማለት ምን ማለት ነው?» አለችው ሙናዬ።

«በሀገረ ስብከቱ በኩል ማለቴ ነው! የምን መንገድ መሰለሽ? ኢንስፔክተር፣ እኔ ይህን መስቀል ለዓለም ላሳይ ነው የምለፋው። የምሰርቀው ሰው ሁሉ እንዲያየው ብዬ ነው?»

«አባ ገብረ ሐና ሴቶቹን ሲባርኩ የት ነበርክ?»

«ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ። ስለ ገዳሙ ታሪክ ሳስረዳ ነበር።»

ሴቶቹ ተጠየቁ። በሩ ላይ ነበር፤ እንዲያውም ማብራሪያው እንደረዘመባቸው ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ሙናዬ ልትነሣ ስትል እሱባለው አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ዛፉ ሥር መስቀሉን ሳስጎበኝ ጥቂት ገበሬዎች ቆመው ይሰሙ ነበር። አዲስ አበባ እንደሚሄድና በመስታወት ውስጥ እንደሚቀመጥ ስናገር አንዱ ‹መቼ ይመለሳል?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ይመለሳል› አልኩት።»

«ማን ነው?»

«ጋቢ የለበሰ ገበሬ።»

«ሁሉም ጋቢ ለብሰው ነበር።»

«እሱም እውነት ነው» አለ እሱባለው።

ገበሬዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። አብዛኞቹ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ በበዓል ቀን ለገዳሙ እንጨትና ውሃ የሚያቀርቡ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ማረው ነበር፤ ሃምሳ ዓመት የሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው። በጎርፉ የከብት በረቱን አጥቷል፤ የቤቱ ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር እስከ ደረት ድረስ ይታያል።

«ለሚካኤል ቤቴ ማኅበር ነበረብኝ» አለ። «ቅዳሴ ሲወጣ ተሻግሬ መጣሁ። እንግዳ ጥዬ የት እቆያለሁ?»

ሚስቱ አገኘሁሽ ማድጋውን እያስተካከለች፣ ፊቷን ሳታዞር «ኸማኅበርተኛው ቀድሞ ደርሷል» አለች።

ሙናዬ ስትወጣ አንድ ጎረቤት አገኘች። «ለሚካኤል ማኅበሩ ማረው ቤት ነበር?»

«ነበር እንጂ! ጠላው እስካሁን ራሴን ይዞኛል።»

ሙናዬ ወደ ሌላው ቤት አለፈች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ፍሬ አልነበራቸውም። መግባት ስለማትችል ቢሮዋን መልካው አጠገብ፣ በገዳሙ በኩል አደረገች። እዚያ አንድ የሩዝ ክምር አለ። የሌላው ሰው ሁሉ ተወቅቶ ገለባው ተበትኗል፤ ይህ ግን እንደቆመ ነው። ጥላው ጥሩ ስለ ነበር ጀርባዋን አስደግፋ እዚያው ተቀምጣ ሰው ታነጋግራለች። ክምሩ የማረው ነው፤ የገዳሙን መሬት በእኩል ያርሳል። በየቀኑ እየተሻገረ ይመጣና ዙሪያውን ያያል።

«እሜቴ፣ ነዶው ይናዳል። ወደ ዛፉ ጥላ ቢሆኑ ይሻልዎታል» አላት አንድ ቀን።

«ለምን አትወቁትም ታዲያ? ዝናብ ቢመጣስ?»

«ይወቃል፤ ምን አስቸኮለ።»

አባ ገብረ ሐናን እንደገና ማነጋገር ፈለገች። ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነበር። ሽማግሌው ወደ በሩ መጡ፤ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን ሳይጠየቁ የሚናገሩት ሰው አሁን መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«አባ፣ በዚያ ቀን ሴቶቹን ሲባርኩ በዚህ በር ማን ማን ወጣ?»

«የምጨምረው የለኝም ልጄ።»

«ያዩት ሰው የለም?»

«የምጨምረው የለኝም።»

«ዝምታዎ እርስዎን ነው የሚጎዳው። ማኅበሩ ያስወጣዎታል።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው የጠራ ነበር።

አንዳርጌ መልካው ላይ ሲሰማ ተናደደ። «አየሽ! ይቅርታ፣ አዩ ኢንስፔክተር? የሚያውቁት ነገር አለ። ምናልባት ራሳቸው ናቸው።»

«መጀመሪያ ቀን ሁሉን ነገሩኝ፤ አሁን ምንም አይሉኝም። መሐል ላይ ምን ሆነ?»

«ጾም ገባ። ሌላ ምን ይሆናል? ሰው ሁሉ ከጾሙ በፊት ለንስሐ ወደ እሳቸው ሲጎርፍ ነበር። የዚህ አገር ሰው ግማሹ የእሳቸው የንስሐ ልጅ ነው።»

ሙናዬ ይህን ሰማች። ምን ልታደርግበት እንደምትችል ግን አላወቀችም።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ወደ መልካው ወረደ። ወጣቶቹ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው እየተጯጯሁ ተሻገሩ። ሚሊሻዎቹ ፈተሹ። ሙናዬ ከክምሩ ሥር ሆና ታያለች።

ከወንዙ ዳር፣ ከሷ ትንሽ ራቅ ብለው፣ አባ ገብረ ሐና ተቀምጠዋል። አጎዛቸው ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። መቋሚያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ማኅበሩ ወስኗል። ማንም አጠገባቸው የለም፤ አበምኔቱ እንኳ ጉብታው ላይ ቆመው ቁልቁል ያያሉ እንጂ አልወረዱም።

ሌላም የማይሻገር ሰው ነበረ። አንዲት አሮጊት፣ እማማ ንግሥቲ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጫማቸውን እንዳጠለቁ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ጎረምሳ ሊሸከማቸው ጎንበስ ቢል በመቋሚያቸው መቱት።

«ሂድ ወዲያ! አንተ አሕዛብ!»

ሙናዬ ተጠጋች። «እማማ፣ ለምን አይሻገሩም? ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።»

«ቆርቤያለሁ ልጄ።»

«እሺ?»

አሮጊቷ ሽቅብ አዩዋት። «ምን እሺ ትያለሽ? ቆራቢ ወንዝ ይሻገራል? የት ነው ያደግሽ?»

«ደሴ።»

«አይ ከተማ! ውሃውን በቱቦ ቀብራችሁ በላዩ ትሄዳላችሁ። እዚህ ቆራቢ በገዳሙ የእንግዳ ቤት ያድርና ነገ ይሻገራል። እኚያን አባት አታያቸውም? ቀድሰው ስለ ወጡ ነው ገና የተቀመጡ። አለዚያማ ኸጧት ወጥተው ይሄዱ ነበር።»

ሙናዬ ደንቡን አታውቀውም አይባልም። እናቷ በቆረበች ቀን እንዳትተፋ፣ በባዶ እግሯ እንዳትሄድ፣ ወንዝ እንዳትሻገር ሲባል ሰምታለች። ግን ሰፈራቸው ውስጥ የሚሻገሩት ወንዝ አልነበረም። ደንቡ ወንዝ አግኝቶ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ወደ አሮጊቷ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ለሚካኤልስ እማማ? ቆርበው ነበር?»

«ለሚካኤል ቀርቼ አውቃለሁ?»

«የእንግዳ ቤት ከማን ጋር አደሩ?»

«ኸሁለት እኩዮቼ ጋር። አንድ ማረው ደግሞ ነበር፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ አላስተኛነ አለ።»

ሙናዬ ቀና ብላ ወንዙን አየች። ሌባው መስቀሉን ከወሰደ በኋላ ሚሊሻዎቹ መልካውን እስኪይዙ ድረስ ሰፊ ጊዜ ነበረው፤ ሁሉም ሰው፣ እሷም ጭምር፣ መስቀሉ ያን ጊዜ ተሻግሯል ብሎ ነበር ያሰበው። ማኅበሩ ማረው ቤት መኖሩን ጠይቃለች። ማረው ማኅበሩ ላይ መኖሩን አልጠየቀችም። መነኮሳቱም ማረው ተሻገርሁ ማለቱን አልሰሙም፤ መቁረቡን ደግሞ ማንም ሊነግራት አላሰበም። ማን የማያውቀው ነገር ነው ብለው?

ከኋላዋ ያለውን ክምር ዞር ብላ አየችው።

ማረው እንደ ልማዱ ክምሩን ሊያይ መጥቶ ነበር። ሙናዬን ሲያይ ሰላምታ ሰጠ።

«ጋሽ ማረው፣ ለሚካኤል የት አደሩ?»

ማረው መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ። ከዚያ እማማ ንግሥቲን አየ። እሳቸውም እጃቸውን አንሥተው ከሩቅ ሰላም አሉት። ማረው አፉን ዘጋው፤ ቀስ ብሎ ክምሩ ሥር ተቀመጠ።

«ኸዚህ ነው» አለ። «ኸመሐሉ።»

አንዳርጌ ዘሎ ነዶውን መሳብ ጀመረ። ሦስት አራት ነዶ ከጣለ በኋላ በሩዙ ቢጫ መሐል የነጭ ጋቢ ጫፍ ታየ፤ ከጋቢው ሥር ደግሞ ቀይ ከፋይ።

«አቁም» አለች ሙናዬ። «አትንካው። አበምኔቱን ጥራ።»

አንዳርጌ እየሮጠ ወደ ጉብታው ወጣ። ሙናዬ ከማረው አጠገብ ቆመች።

«ለምን?»

«ነሐሴ ላይ ውሃው ቤቴ ገባ። ሌሊት በሬ ሲጮህ እሰማለሁ፤ ላድነው አልቻልሁም። በሦስተኛው ቀን አባቶች ያን መስቀል ይዘው ወርደው ኸውሃው ዳር ቆሙ። ኸእግራቸው ሥር ሲደርስ ቆመ። በዓይኔ ነው ያየሁ። ኸዚያ ያ የቢሮ ሰው መጣና አዲስ አበባ ይሄዳል፣ በመስታወት ይቀመጣል አለ። መቼ ይመለሳል አልሁት። ይመለሳል አለ። መቼ አላለም። ክረምቱ ግን መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል።»

«ዕቃ ቤቱ ገርበብ ማለቱን አይተው ገቡ።»

«ገባሁ። በእጄ አልነካሁትም። ኸነከፋዩ በጋቢዬ ይዤ፣ አባ ሴቶቹን ሲባርኩ በጎን አለፍሁ። ቤቴ ልወስደው ነበር። መልካው ላይ ደርሼ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል መቁረቤ ትዝ አለኝ።»

«ቆርበው እንዴት ደፍረው ወሰዱት?»

ማረው ጥያቄው የገባው አይመስልም ነበር። «መውሰዱ ኃጢአት አልመሰለኝም። ለአገሩ ነው ያደረግሁት። ቆርቦ ወንዝ መሻገር ግን ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ አሻግረዋለሁ ብዬ ኸክምሩ ውስጥ አኖርሁት። በነጋው ሚሊሻው ቆመ። እርስዎም መጥተው ተደገፉበት።»

«አባ ገብረ ሐና በእርስዎ ምክንያት ሊወጡ ነው። አዩዋቸው?»

«ነገ ሳይሻገሩ ላወጣው ነበር።»

«ያወጡት ነበር?»

ማረው መሬት መሬት አየ።

«ዛሬስ ቆርበዋል?» አለችው።

«አልቆረብሁም።»

«ለምን? ጽዮንን ይቀሩ ነበር?»

«የንስሐ አባቴ አትቀርብም አሉኝ።»

ሙናዬ ወደ ወንዙ ዳር ዞር አለች። አባ ገብረ ሐና ፊታቸውን ወደ ውሃው አድርገው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

አበምኔቱና መነኮሳቱ ጥላ ይዘው ወረዱ። አባ ኃይለ ሚካኤል መስቀሉን ከነዶው መሐል ሲያነሡት ሕዝቡ ከማዶ ሆኖ እልል አለ። እሱባለው ከተሻገሩት መሐል ነበር፤ ሚሊሻ ሳይጠይቅ ተመልሶ ተሻግሮ መጣ፣ ንጹሕ ሱሪው እስከ ወገቡ ረጥቧል።

«ደኅና ነው? አልተሰበረም?»

«ደኅና ነው» አሉት አበምኔቱ። «ከእንግዲህ ግን የትም አይሄድም።»

እሱባለው ማረውን አየው፤ ብዙ ሊናገር የፈለገ ይመስል ነበር። «ፎቶው ይበቃናል» አለ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ቀኑን ልነግርህ ይገባ ነበር። እኔም አላውቀውም ነበር።»

አበምኔቱ ወደ አባ ገብረ ሐና ሄደው ጎንበስ አሉና ጉልበታቸውን ሳሙ። ከዚያ አጎዛውን ሊያነሡላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ሽማግሌው ከለከሏቸው፤ ራሳቸው አነሡት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማረውን ወደ ወረታ ማድረስ ነበረባት። አንዳርጌ ካቴናውን አወጣ። ሙናዬ ወንዙን አይታ «መልሰው» አለችው።

ከመሄዷ በፊት ሽማግሌው ፊት ቆመች። «አባ፣ ያውቁ ነበር። አይደል?»

አባ ገብረ ሐና ውሃውን አዩ፤ ማረውን አዩ። ጫማውን አውልቆ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«መልካው በግራ በኩል ጉድጓድ አለበት ልጄ» አሉ። «ማረው በረገጠበት ርገጪ። እሱ ያውቀዋል።»

ማረው መጀመሪያ ገባ። ሙናዬ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለችው። መሐል ላይ ሲደርሱ ውሃው ከበደ፤ ማረው ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋላት፣ እሷም ያዘችው። ማዶ ስትወጣ ዞር ብላ አየች። ሽማግሌው አጎዛቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ጫማቸውን እንዳጠለቁ፣ ቀስ እያሉ ወደ ጉብታው ይወጣሉ።